ክላሲክ መኪና በጡረታ ዘመን፦ ከቆመበት ተነስቶ ቤተሰብ ይዞ እስኪወጣ

አሮጌ መኪና ሲነሳ የሚያጨበጭብ አይጠፋም፤ ሲቆም የሚያጨበጭብ ግን የለም። ዓመታት የቆመ ሞተር በአንድ ከሰዓት ሊነሳ ይችላል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው፤ መኪናው ስለሄደ ብቻ ደህና ይመስላልና። የልጅ ልጆች ከኋላ የሚቀመጡበት መኪና መጀመሪያ የሚፈተነው በመነሳቱ ሳይሆን በመቆሙ ስለሆነ ሥራው ከፍሬን ይጀመር። እዚህ ያለው በአብዛኛው የሚመለከተው እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ የተሠሩ፣ ካርቡራተር (ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅል) እና ፑንቲና (ለካንዴላ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚያቋርጥና የሚያገናኝ) ያላቸውን መኪኖች ነው።

ገና ያልገዙ ከሆነ

ኮፈኑን ከማስከፈትዎ በፊት ወንበሩን ይሞክሩ። ሦስት ጊዜ ይግቡ፣ ሦስት ጊዜ ይውጡ። ፍሪሲዮኑን ሃያ ጊዜ ይርገጡ፤ ቀስ እያሉ እየሄዱም መሪውን ከዳር እስከ ዳር ያዙሩ። ጉልበት ወይም ትከሻ ያኔ ካጉረመረመ፣ ከአንድ ሰዓት መንገድ በኋላ ይጮሃል። ዝቅ ያለች ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪና ለፎቶ ታምራለች፤ ለቤተሰብ ግን ቀጥ አድርጎ የሚያስቀምጥ ባለ አራት በር ይሻላል።

የደከመ ሞተርና የበሰበሰ ወለል ካማረጡዎት የደከመውን ሞተር ይውሰዱ። ሞተር ወርዶ ይታደሳል፤ የደህንነት ቀበቶ የሚታሰረው ግን ወለሉ ላይ ነው። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው በበሮቹ ሥርና በጎማ መሸፈኛው ዙሪያ ያስኪዱት። የማይዝበት ቦታ ቀለሙ ቢያብረቀርቅም ሥሩ ስቱኮ ነው።

ፍሬን

የብዙ አሮጌ መኪኖች የፍሬን ዘይት መስመር አንድ ብቻ ነው። አንዲት ቱቦ ከተቀደደች አራቱም ጎማ በአንድ ጊዜ ፍሬን ያጣል። አሜሪካ ከ1968 ጀምሮ ለአዳዲስ መኪኖች ሁለት የተለያዩ መስመሮችን ግዴታ ያደረገችውም ለዚሁ ነው። መኪናዎ ባለ አንድ መስመር ከሆነና የሚገጥም ባለ ሁለት መስመር ማስተር (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ዋና ሲሊንደር) ከተገኘ፣ ገንዘብዎን ከቀለምና ከወንበር ቆዳ በፊት እዚያ ላይ ያውሉ። ኦሪጅናልነቱ ጠፋ የሚሉ ይኖራሉ፤ ይበሉ።

መኪናውን በክሪክ ካነሱ በኋላ ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) ላይ ያሳርፉት። በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር እጅም ቢሆን አይግባ። ታምቡሩ (ከጎማው ጋር የሚዞረው የፍሬን ከበሮ) ሲወልቅ ውስጡ የተጠራቀመውን አቧራ በአየር አይንፉ፤ የዱሮ የፍሬን ሸራ ብዙ ጊዜ ሳንባን የሚጎዳ አስቤስቶስ አለበት። በውሃ አርጥበው በጨርቅ ይጥረጉትና ጨርቁን በላስቲክ አስረው ይጣሉት። ከዚያ በየጎማው ያለውን ትንሽ ሲሊንደር ጎሚኒ (የላስቲክ መዝጊያ) ገለጥ አድርገው ይዩ። ከሥሩ እርጥበት ካለ ሲሊንደሩ ማፍሰስ ጀምሯል።

ብዙ ሰው የሚያልፈው ወደ ጎማዎቹ የሚሄዱትን ተጣጣፊ የጎማ ቱቦዎች ነው። ከውጭ ደህና መስለው ውስጣቸው አብጦ ሊዘጋ ይችላል። እግር ሲጫን ዘይቱን በግድ ያሳልፋሉ፤ እግር ሲለቀቅ ግን መመለሻ ያሳጡታል። ጎማው እንደተያዘ ይቀራል፣ ይግላል፣ መኪናውም ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። ሲጠረጠር በዚያ ጎማ የፍሬን ሲሊንደር ላይ ያለውን አየር ማስወጫ ብሎን ትንሽ ይክፈቱ፤ ዘይት ፊጭ ብሎ ጎማው ከተፈታ ጥፋቱ ከሲሊንደሩ ወደ ላይ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ቱቦው። የቱቦዎቹ ዕድሜ ካልታወቀ ሳይከራከሩ ሁሉንም መለወጥ ነው፤ ከመኪናው ርካሽ ክፍሎች መካከል ናቸው።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ዶት 4 (የፍሬን ዘይት ደረጃ) ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ሲጠጣ ግን መለኪያው ወደ 155 ይወርዳል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ባዶውን ወደ ወለል ይወርዳል። ስለዚህ ቢሄድም ባይሄድም በየሁለት ዓመቱ ይለወጥ። ዶት 5 ሲሊኮን ስለሆነ ከዶት 3 ወይም ከዶት 4 ጋር አይቀላቀልም። ዶት 5.1 ግን ስሙ ቢያሳስትም የዶት 4 ወገን ነው።

ዘይቱ ሲለወጥ ወደ ፍሬን መስመሩ የገባውን አየር ማስወጣት የሁለት ሰው ሥራ ነው፦ አንዱ ፔዳል ይረግጣል፣ ሌላው ጎማ ሥር ይንበረከካል። ጎረምሳ የልጅ ልጅ ካለ ማን እንደሚንበረከክ መነጋገር አያስፈልግም።

1. በዋዜማው ማስወጫ ብሎኖቹ ላይ የዝገት ማላቀቂያ ይንፉ። ሲፈቱ ባለ ስድስት ጎን ቡሶላ ይጠቀሙ፤ ባለ አሥራ ሁለቱ ጠርዙን ይበላዋል። እንቢ ካለ ትግል አይግጠሙ፤ ብሎኑ ከተሰበረ ሲሊንደሩን መቀየር ይመጣል።

2. ከፔዳሉ ሥር ወፍራም ጣውላ ያስቀምጡ። ይህች ጣውላ ማስተሩን ታድናለች። በዕለት ተዕለት መንዳት ፔዳል ግማሽ መንገድ እንኳ አይሄድም፤ የማስተሩ ውስጥ ግድግዳ ቀሪው ክፍል ለዓመታት ሳይነካ ዝጎ ይቀመጣል። አየር ለማስወጣት እስከ ወለል ሲረገጥ የፒስተኑ ጎሚኒ ያን ዝገት ያልፍና ይላጣል። ጠዋት ደህና የነበረ ማስተር ማታ የሚሞተው እንዲህ ነው፤ ሰውም የሚያማው አዲሱን ዘይት ነው።

3. ከማስተሩ በጣም ከሚርቀው ጎማ ይጀምሩ፤ መጨረሻ ላይ ቅርቡ ይመጣል። ብሎኑ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ቱቦ ይሰኩና ጫፉን የፍሬን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይንከሩ።

4. ላይ ያለው በዝግታ ረግጦ «ያዝኩ» ይላል። ታች ያለው ብሎኑን ግማሽ ዙር ከፍቶ ዘይቱ ሲወርድ ይዘጋና «ልቀቅ» ይላል። ብሎኑ ሳይዘጋ ፔዳል ከተለቀቀ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። አረፋው ቆሞ ንጹሕ ዘይት እስኪመጣ ይደጋገም።

5. የማስተሩ ማጠራቀሚያ ከግማሽ በታች አይውረድ። ከደረቀ ሁሉም እንደ አዲስ ይጀመራል። ቀለም ላይ የፈሰሰ ዘይት ወዲያው በብዙ ውሃ ይታጠብ፤ ቀለም ያነሳል።

ከዚያ ፔዳሉ ራሱ ይናገራል። ስፖንጅ ከመሰለ አየር አለ። መጀመሪያ ወርዶ ሁለተኛ ሲረገጥ ከፍ ካለ ሸራዎቹ ከታምቡሩ ርቀዋል፤ ማስተካከያውን ጎማው እስኪያዝ አጥብቀው በነፃ እስኪዞር ብቻ መልሰው ይፍቱ። ጠንክሮ ቆይቶ ከእግር ሥር ቀስ እያለ ከሰመጠ ግን ወይ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው ወይ ማስተሩ ውስጥ ለውስጥ እያሳለፈ ነው። በዚያ ፔዳል አንድ መቶ ሜትርም አይኬድም።

ነዳጅ፣ ኤሌክትሪክና ውሃ

አሮጌ ቤንዚን ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይሸታል። በአዲስ አይቀላቅሉት፤ ታንኩ ይፍሰስ፣ ፊልትሮው ይለወጥ፣ ካርቡራተሩ ይታጠብ። የዛሬ ቤንዚን ብዙ ጊዜ ኤታኖል አለበት፤ ለዱሮው የጎማ ቱቦ አይስማማውም፣ ያለሰልሰዋል፣ ይሰነጥቀዋል። ኤታኖል የሚችል ቱቦ በአዲስ ማሰሪያ ይግጠሙ። ከካርቡራተሩ አጠገብ የሚንጠባጠብ ቤንዚን ለማየት ሞተሩ እየሠራ አሥር ደቂቃ የእጅ ባትሪ እያበሩ ይመልከቱ፤ የአሮጌ መኪና ቃጠሎ አንዱ መነሻ እዚያ ነው።

የባትሪውን ገመድ ከመንካትዎ በፊት የትኛው ዋልታ ከሻንሲው (ከመኪናው የብረት አካል) ጋር እንደታሰረ ይዩ። በብዙ የእንግሊዝ መኪኖች እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ ከሻንሲ የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነበር። ባለ 6 ቮልት ይሁን ባለ 12 ያንንም ያጣሩ። አርፎ የቆየ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህል ወርዷል።

የፑንቲና ክፍተት እንደ መኪናው ይለያያል፤ ለምሳሌ ለፎልክስዋገን ቢትል 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። በፑንቲና ፋንታ የሚገባ ኤሌክትሮኒክ መለወጫ ጥሩ ነው፤ ቢሆንም ሲበላሽ መንገድ ዳር አይጠገንምና አሮጌዋን ፑንቲና ከነኮንደንሰሯ መሳቢያ ውስጥ ይያዙ። የሞተር ዘይት ሲገዙ ዚንክ ያለውን፣ ለአሮጌ ሞተር የተዘጋጀውን ይጠይቁ፤ የነዚህ ሞተሮች ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ያለ እሱ ቶሎ ይበላል። የራዲያተር ክዳን በትኩስነቱ አይከፈትም፤ ይህን የማያውቅ የለም፣ የሚቃጠልም አልጠፋም።

ጎማ

ጥርሱ አያታልልዎ። ጎን ላይ «DOT» ብሎ ከሚጀምረው ጽሑፍ የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች ያንብቡ፦ 2319 ማለት የ2019 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት ነው። ሦስት ቁጥር ብቻ ካለ ጎማው ከ2000 በፊት የተሠራ ነው። አሥር ዓመት ያለፈው ቢያምርም ይወገድ፤ ስኮርቱም ጭምር።

ቀበቶ፣ ልጆችና ጭስ

ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ በቮልቮ መኪኖች የመጣው በ1959 ነው፤ ብዙ ክላሲኮች ከኋላ ምንም የላቸውም። ሲገጠም ብሎኑ በቀጭኑ ቆርቆሮ ብቻ አይያዝ፤ ከሥር 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሰፊ የብረት ሳህን ይደረግለት፣ ወለሉም ዝገት የሌለበት ይሁን። ልጆችን ከፍ የሚያደርገው መቀመጫ የትከሻ ቀበቶ ይፈልጋል፤ በወገብ ቀበቶ ብቻ አይሠራም። ቀበቶ ለማሰር የሚሆን ቦታ ከሌለ ትንንሾቹ በሌላ መኪና ይከተሉ። የማይመች ምክር ነው፤ ሌላ ግን የለም። በባለ ሁለት በር መኪኖች ወደ ፊት የሚታጠፈው የፊት ወንበር መቆለፊያ እንዳለውም ይዩ፤ ከሌለው በድንገተኛ ፍሬን ወደ ተቀማጩ ይወድቃል።

ከኋላ የተቀመጡ ልጆች ሁልጊዜ ራስ ምታት ካላቸው ወይም ገና ከመነሳት እንቅልፍ ከያዛቸው፣ ከመንገዱ በፊት ጭሱን ይጠርጥሩ። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም። ሞተሩ ገና እንደተነሳ፣ ሳይግል፣ የጭስ ማውጫውን ጫፍ በወፍራም ጓንትና ጨርቅ ለአፍታ ያፍኑ፤ ከማርሚታው (የጭስ ድምፅ ማፈኛው) እና ከመገጣጠሚያዎቹ ፊሽ የሚል ድምፅ ከመጣ የሚያሾልክበት እዚያ ነው። የኋላ መዝጊያ ጎሚኒም ይታይ። አየር ለማግኘት ብለው የኋላውን በር ከፍተው አይንዱ፤ ጭሱን ወደ ውስጥ ይስባል። በቢትልና በመሰሎቹ ማሞቂያው ሙቀት የሚያገኘው ከጭስ ማውጫው ዙሪያ ስለሆነ፣ እሱ ከዛገ ጭሱ በቀጥታ ወደ ተሳፋሪ ይመጣል።

ለሾፌሩ

ፓወር ስቲሪንግ በሌለው መኪና መሪ የሚዞረው ጎማው እየተንከባለለ ነው፤ ቆሞ ማዞር ትከሻንም መሪውንም ይጎዳል። መሪው ከወትሮው ከከበደ መጀመሪያ የፊት ጎማ አየር ይለካ። ባለ 6 ቮልት መብራት የሻማ ያህል ነው፣ ዓይንም በዕድሜ የመጪውን መኪና መብራት አይችልም፤ ጉዞው ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲያልቅ አድርገው ያስሉት። የሚያፈዝ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሐኪምዎን ሳይጠይቁ መሪ አይጨብጡ።

መውጣት

ቤተሰቡ የሚጫነው በሦስተኛው ጉዞ ነው። የመጀመሪያው ብቻዎን 10 ኪሎ ሜትር፣ ሁለተኛው ከአንድ አዋቂ ጋር 50 ኪሎ ሜትር። ከያንዳንዱ በኋላ የእጅዎን ጀርባ ወደ አራቱም የጎማ መሀል ያስጠጉ፤ አይንኩት። ከወዲያኛው ጎን ጓደኛው ለይቶ የጋለ ካለ ፍሬኑ አልለቀቀም ወይም ኩሽኔታው እያለቀ ነው።

በዕለቱ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ሳይቆሙ አይንዱ፤ ለሞተሩ ሳይሆን ለወገብዎና ለልጆቹ። ከፊት ካለው መኪና የወትሮውን እጥፍ ይራቁ። ቁልቁለት ሲጀምር ከላይ ማርሽ ይቀንሱ፤ ታምቡር ፍሬን ከጋለ መያዙን ይቀንሳል። ውሃ ውስጥ ካለፉ ቀስ እያሉ ፍሬኑን በስሱ እየነኩ ያድርቁት። በሙቀት ቀን ቆሞ የነበረ ሞተር ተነስቶ ወዲያው ከጠፋ ነዳጁ መስመሩ ውስጥ ተንኖ ይሆናል፤ ኮፈኑን ከፍተው፣ በነዳጅ ፖምፓው ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርገው ሃያ ደቂቃ ይጠብቁ። ሞተሪኖውን እያስጮኹ ባትሪ አይጨርሱ።

ሻንጣው ውስጥ፦ ቺንጋ፣ ካንዴላ፣ ፊውዝ፣ አንድ ሜትር የነዳጅ ቱቦ፣ ማሰሪያዎች፣ 5 ሊትር ውሃ፣ 1 ሊትር ዘይት፣ ካቻቢቴና ፒንሳ፣ መጎተቻ ገመድ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት። እሳት ማጥፊያው ግን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ሾፌሩ ሳይወርድ በሚደርስበት ቦታ ይታሰር።

ሲመለሱ መኪናው ለሳምንታት የሚቆም ከሆነ የእጅ ፍሬኑን ይፍቱትና ጎማው ሥር ሽብልቅ ያድርጉ፤ ታስሮ ከከረመ ሸራው ታምቡሩ ላይ ይጣበቃል። በየሳምንቱ አስነስቶ አምስት ደቂቃ ማስጮህ የሚባለውን ይተዉት፤ ሞተሩ ሳይግል ሲጠፋ ዘይቱ ውስጥና ማርሚታው ውስጥ ውሃ ይቀራል። ከተነሳ ግማሽ ሰዓት ይነዳ፣ ካልሆነ የባትሪው ገመድ ተፈትቶ ይተኛ።