ልጅ ያለበት ግቢ ውሻ ስታስገቡ፦ የሚናከሰው በዘሩ ነው በአያያዙ?

ሰው ውሻ እንደማሳድግ ሲያውቅ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይሄንን ነው፣ "ልጆች አሉኝ፣ ጀርመን ሸፐርድ ይሻላል ሮትዋይለር? ፒትቡልስ? ባለቤቱንም ይበላል ይባላል፣ እውነት ነው እንዴ?" እኔም ሁሌ መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ የት ልታስረው ነው?

ምክንያቱም ልጅ በውሻ ሲነከስ በአይኔ ያየሁት አንዴ ነው፣ የነከሰውም የፈረንጅ ውሻ አልነበረም። ጎረቤታችን ግቢ ከማድቤት ጀርባ የታሰረ የሀበሻ ውሻ ነው፣ ቦቢ። ሰንሰለቱ ሁለት ሜትር አይሞላም፣ ሲዞር ሲዞር ከመኖሩ ብዛት እንጨቱ ዙሪያ ሳሩ አልቆ መሬቱ ክብ ሆኖ ተልጧል፣ አንገቱ ላይ ያለው ፀጉርም እንደዛው። ልጁ ኳሱ ገብታበት ሊያወጣ ያቺን ክብ እንደረገጠ ቦቢ ሳይጮህ ክንዱን ያዘው። ሰፈሩ በሙሉ "አብዷል" አለ። አላበደም። ያቺ ክብ ብቻ ነበረችው፣ ሰው ወደሱ የሚመጣው ደግሞ ወይ ትርፍራፊ ሊደፋለት ወይ በድንጋይ ዝም ሊያስብለው ነው፣ ታስሮ ስለሆነ መሸሽም አይችልም፣ የቀረው መንከስ ብቻ ነው።

ዘር ምንም ለውጥ የለውም እያልኩ ግን አይደለም፣ እንደዛ የሚሏችሁንም አትመኑ። የውሻ ዘር ማለት ሰው ለሆነ ስራ ብሎ ትውልድ በትውልድ እየመረጠ ያራባው ማለት ነው። በግ የሚነዳው ዘር የሚሮጥ ልጅ ሲያይ ተረከዙን ሊቆነጥር ይፈልጋል፣ ከብት እንዲጠብቅ የተራባው እንግዳ አይወድም፣ ፒትቡል ደግሞ አያቶቹ ከውሻ ጋር እንዲፋለሙ የተራቡ ስለሆኑ ከሌላ ውሻ ጋር ሲሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። (መንጋጋው ይቆለፋል የሚባለው ግን ውሸት ነው፣ የፒትቡል መንጋጋ ውስጥ እንደሌላው ውሻ ነው፣ ምንም የሚቆለፍ ነገር የለም።) ግን ይሄ ዝንባሌ ነው፣ እያንዳንዱ ውሻ ላይ ምን ያህል ይታያል የሚለው ሌላ ነገር ነው። በ2022 (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሳይንስ የሚባለው መጽሔት ላይ የወጣ አሜሪካ ውስጥ የተሰራ ጥናት አለ፣ ከ18,000 በላይ ውሾች ባለቤቶች ስለ ውሻቸው ጠባይ ተጠይቀው፣ ከ2,000 በላይ የሚሆኑት ውሾች ዲኤንኤም ታይቶ፣ በውሾች መሃል ካለው የጠባይ ልዩነት በዘር የሚገለፀው 9 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የሚያበሳጭ ነገር ሲገጥመው ቶሎ ይቆጣል አይቆጣም የሚለው ደግሞ ከዘር ጋር ያለው ግንኙነት በጣም ደካማ ነበር።

ዘር በደንብ የሚነግራችሁ ሌላ ነገር ነው፣ ከነከሰ ምን ያህል ይጎዳል የሚለውን። ትንሿ ቡችላ መሳይ ውሻ በቀን ሶስቴ ብትናከስ ቁስሉ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፣ 50 ኪሎ የሚመዝን ሮትዋይለር አንዴ ከተሳሳተ ግን የልጅ ህይወት ነው። ስለዚህ ትልቅ ውሻ ልግዛ የሚል ሰው ራሱን መጠየቅ ያለበት "ይሄ ዘር ክፉ ነው ወይ" ብሎ ሳይሆን "ይሄን የሚያህል ጉልበት በየቀኑ የማስተምርበት ጊዜ አለኝ ወይ" ብሎ ነው። ከሌለው ትልቅ ውሻ አይግዛ፣ በቃ።

ውጪ አገር ያላችሁ ደግሞ ከሁሉም በፊት የከተማችሁን ህግና የቤት ኪራይ ውላችሁን አንብቡ። የአሜሪካዋ ከተማ ዴንቨር ፒትቡልን በ1989 ከልክላ በ2020 ህዝብ ድምፅ ሰጥቶ ነው የተነሳው፣ አሁንም ፈቃድ ማውጣት አለ። እንግሊዝ ከ1991 ጀምሮ ፒትቡልን ጨምሮ የከለከለቻቸው ዘሮች አሉ፣ ኤክስኤል ቡሊ የሚባለው ግዙፍ ፒትቡል መሳይ ውሻ ደግሞ ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ያለ ልዩ ሰርተፍኬት መያዝ ወንጀል ነው። እስራኤልም ፒትቡልና ሮትዋይለር ያሉበት የአደገኛ ዘሮች ዝርዝር አላት፣ ከቤት ሲወጡ አፋቸው መታሰር አለበት። በህጉ ባትስማሙም ውሻውን የሚወስዱባችሁ እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ ስራው። አሜሪካ ውስጥ ከ2000 እስከ 2009 ሰው የሞተባቸውን 256 የውሻ ጥቃቶች አንድ በአንድ ያጠኑ ሰዎች ነበሩ፣ እኔ ዝግጅቴን የምነሳው ከዛ ነው። 87 በመቶው ላይ ጣልቃ ገብቶ ሊያስጥል የሚችል ትልቅ ሰው አጠገብ አልነበረም። 84 በመቶው ላይ ውሻው አልተኮላሸም። 76 በመቶው ላይ ውሻው ከቤተሰቡ ተለይቶ፣ ታስሮ ወይ ጓሮ ተዘግቶበት የሚኖር ነበር። የውሻው ዘር በእርግጠኝነት ሊታወቅ የቻለው ግን 18 በመቶ በማይሞላው ላይ ብቻ ነው። እነዚህን ነገሮች ደግሞ አንድ በአንድ ማስተካከል የምንችለው እኛው ነን።

ቡችላ ስትገዙ ከ8 ሳምንት በፊት አትውሰዱ። መንገድ ዳር በካርቶን ይዘው የሚሸጡት ብዙ ጊዜ ገና ጡት ያልጣሉ ናቸው፣ ቡችላ ደግሞ ሲነክስ ምን ያህል እንደሚያምም የሚማረው ከእናቱና ከወንድሞቹ ነው፣ አጥብቆ ሲነክሳቸው ይጮሁና ጨዋታው ይቆማል፣ እሱም ጥርሱን ማላላት ይለምዳል። ከቻላችሁ እናትየውን እዩ። እናትየው እናንተን አይታ ጥግ ውስጥ ተወሽቃ የምታጉረመርም ከሆነ ሻጩ ንፁህ ዘር ነው ቢላችሁም ተመለሱ። "ፒትቡል ነው" ተብሎ የሚሸጠው ግማሹ ክልስ ነው፣ ስሙ ዋጋውን ነው የሚጨምረው።

ከዛ እስከ 14 ሳምንት ድረስ ያለው ጊዜ ወርቅ ነው። በዛ እድሜ ያየውን ነገር እንደ ኖርማል ይይዘዋል፣ ያላየው በኋላ ያስፈራዋል፣ የሚናከስ ውሻ ደግሞ አብዛኛው የፈራ ውሻ ነው። ስለዚህ ነጠላ የለበሰች እናት፣ ዱላ የያዙ አባባ፣ ጃንጥላ፣ ባጃጅ፣ የሚያለቅስ ህፃን፣ ሁሉንም ይይ። እኔ የማደርገው ቡና ሲፈላ ነው። እናቴ ስኒውን ስታቀራርብ ቡችላውን በገመድ እግሬ ስር አስቀምጠዋለሁ፣ የመጣው እንግዳ ሁሉ ከመቀመጡ በፊት ቁራሽ ዳቦ ከእጄ ተቀብሎ መሬት ላይ ይጥልለታል፣ ሳያየው፣ ሳይነካው። ሶስተኛው ስኒ ሲደርስ ቡችላው ተኝቷል። በሁለት ወር ውስጥ የበር መጥሪያ ሲሰማ ጅራቱን እየቆላ ነው የሚነሳው። "ታዲያ ሌባ ቢመጣስ?" ይሉኛል። ውሻ በበላበት ይጮሃል፣ ሌሊት አጥር የሚዘልን ሰው እና ቀን በበር ገብቶ ሰላም የሚልን ሰው ለይቶ ያውቃል፣ መናከስ አይጠበቅበትም፣ ጩኸቱ ይበቃል።

ኃይለኛ እንዲሆን ብላችሁ የምታደርጉትን ተዉ። ጆሮ መቁረጥ፣ በርበሬ ማብላት፣ ጨለማ ክፍል መዝጋት፣ እነዚህ ጀግና ውሻ አያወጡም፣ ህመምተኛና ድንጉጥ ውሻ ነው የሚያወጡት፣ እሱ ደግሞ ሌባና የእህታችሁን ልጅ አይለይም። ሰንሰለቱንም ፍቱት። ግቢው ጠባብ ከሆነ ጥግ ላይ በሽቦ አጥር የሚንቀሳቀስበት ቦታ ስሩለት፣ ጠዋትና ማታ በገመድ ይዛችሁ ሰፈሩን አዙሩት። አኮላሹት፣ ጥበቃውን አይተውም፣ ሴት ፍለጋ አጥር መዝለሉና ጠቡ ነው የሚቀንሰው።

አሁን በጣም የምሰጋበት ነገር፣ የበዓል ቀን። ፋሲካ ነው እንበል፣ በግ ግቢው ውስጥ ታርዷል፣ ደም ይሸታል፣ ውሻው አመት ሙሉ ሳንባ ሲቀቀልለት ኖሮ ዛሬ ቅልጥም ደርሶታል፣ ከየቦታው የመጡ የማያውቃቸው ልጆች እየተሯሯጡ ነው፣ ትልልቁ ሰው ደግሞ ሳሎን ምግብ ላይ ነው። ልጅ ከውሻና ከአጥንት ጋር ለብቻው የሚገናኘው ይሄኔ ነው። ስለዚህ እንግዳ ከመግባቱ በፊት ውሻውን አጥንቱን አስይዛችሁ በሩ የሚዘጋ ቦታ አስገቡት፣ ቁልፉ አንድ ትልቅ ሰው ኪስ ውስጥ ይሁን። ጨዋ ነው አይነክስም አትበሉ፣ የኔም ጨዋ ነው፣ በበዓል ግን ይዘጋበታል።

ልጆቻችሁን እነዚህን አስተምሩ፦ የሚበላ፣ የሚተኛ፣ ቡችሎች ያሏት ውሻ ጋ አይኬድም። ውሻ ሲመጣባችሁ አትሩጡ፣ አይኑን አትዩ፣ እጃችሁን ሰብስባችሁ እንደ ዛፍ ቁሙ። ከወደቃችሁ ተኮራምታችሁ ፊታችሁንና አንገታችሁን በእጃችሁ ሸፍኑ። እናንተ ደግሞ ውሻውን ማንበብ ልመዱ። ልጅ ሲያቅፈው ፊቱን ካዞረ፣ ከንፈሩን ከላሰ፣ ሳይደክመው ካዛጋ፣ የአይኑ ነጭ ከታየ፣ በቃኝ እያለ ነው። ሰውነቱ ከደረቀ ጅራቱን ቢቆላም ወዳጅነት አይደለም። ሲያጉረመርም አትምቱት። ማጉረምረሙ ማስጠንቀቂያው ነው፣ በዱላ ካስተዋችሁት ቀጥሎ ያለ ማስጠንቀቂያ ይነክሳል፣ እንደ ቦቢ።

ይሄ ሁሉ ተደርጎም ንክሻ ሊኖር ይችላል፣ ስለዚህ ውሻው 3 ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይውሰድ፣ በየአመቱም ይደገም። ሰው ከተነከሰ ትንሽ ጭረትም ብትሆን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ፣ በሰዓት ያዙት፣ 15 ደቂቃ ረጅም ነው። ቡና ወይ ቅጠል አትጠቅጥቁበት። የዛኑ ቀን ጤና ተቋም ሂዱ፣ ምልክቱ ከወጣ በኋላ መድኃኒት የለውም፣ ከዛ በፊት ክትባቱ ከተጀመረ ግን ይድናል። ውሻውን በንዴት አትግደሉት። አስራችሁ 10 ቀን ጠብቁት፣ በዛ ውስጥ ደህና ከቆየ ሲነክስ በምራቁ ውስጥ በሽታው አልነበረም ማለት ነው፣ ሐኪሙም የጀመረውን ክትባት ለማቆም የሚጠይቃችሁ ይሄንን ነው። የውሻው የክትባት ካርድ ካለ ይዛችሁ ሂዱ።