ያልተፈተነ ማራቶን ልትሮጡ ነው? ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ

አንድ ከተማ «ማራቶን ላዘጋጅ ነው» ሲል ደስ ይለኛል። የምሬን ነው። ወሎ ዳገቱም ሯጩም ሞልቷል። ግን የቲሸርቱ ቀለም ተወስኖ የውሃው ነገር ያልተወሰነ፣ ምዝገባው ተከፍቶ መስመሩ ያልታወቀ ሩጫ ሲመጣ፣ ገንዘቤን በቴሌብር ከመላኬ በፊት ስልክ አነሳለሁ።

ደሴ ውስጥ ፋርማሲ ነው የምሠራው። ሥራ ከመግባታችን በፊት ወደ ቦሩ ሜዳ አቅጣጫ ዱብ ዱብ የምንል ጥቂት ሰዎች አለን። አትሌት አይደለንም። ማራቶን ስንሮጥ ከኋለኞቹ ነን። ይህን የምጽፈውም ለእንደኛ ዓይነቱ ነው። ከፊት ያለው አትሌት አሠልጣኝ አለው፣ ውሃውም ሳያልቅ ያልፋል። ዝግጅት ሲበላሽ የሚጎዳው አምስት ሰዓት የሚፈጅበት ሰው ነው።

መጀመሪያ ጥርጣሬያችሁን ለዩ። ቲሸርቱ ሰፋ፣ ሜዳሊያው ዘገየ፣ የባለሥልጣኑ ንግግር ረዘመ። እነዚህ ያናድዳሉ እንጂ ሰው አይጎዱም። አዲስ ነገር ሲጀመር ያለ ነው፣ ይታለፋል። የማይታለፉት የመንገድ መዘጋት፣ ውሃ፣ ሕክምና እና የመነሻ ሰዓት ናቸው። የርቀቱ ልክ መሆን አለመሆን ማንንም ሆስፒታል አያስገባም። ግን አዘጋጁ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ቶሎ ይነግራችኋል። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

መንገዱን ማን ለካው?

አንድ ጊዜ ለአንድ አዘጋጅ ደወልኩ። የት ከተማ እንደሆነ ይቅር።

«ወንድሜ፣ መንገዱን ማን ነው የለካው?»

«በመኪና ለክተነዋል እህቴ፣ አብሽሪ።»

«በመኪና?»

«አዎ፣ ሁለቴ ተመላልሰንበታል!»

ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። በዓለም አቀፍ ደንብ የሚለካው በብስክሌት ነው። የፊት ጎማው ላይ የጎማውን ዙር የምትቆጥር ትንሽ መሣሪያ ትገጠማለች። ለኪው መጀመሪያ በብረት ሜትር በተለካ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ እየተመላለሰ፣ መሣሪያዋ በኪሎ ሜትር ስንት እንደምትቆጥር ያረጋግጣል። ከዚያ ሯጭ ሊሮጥ በሚችለው አጭሩ መስመር ይነዳል። ኩርባ ላይ ከመንገዱ ጠርዝ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚርቀው። በመጨረሻም መንገዱ በስህተት እንዳያጥር በየኪሎ ሜትሩ አንድ ሜትር ይጨመርበታል። ማራቶኑ 42 ሜትር ያህል ቢረዝም ታስቦበት ነው ማለት ነው። የመኪና ቆጣሪ ይህን ሁሉ ከየት ያመጣዋል?

በነገራችን ላይ ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ አይደለም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።) እንግሊዝ ውስጥ የማንችስተር ማራቶን ከ2013 እስከ 2015 ድረስ 380 ሜትር አጥሮ መሮጡ ተደርሶበት የብዙ ሺህ ሰው ሰዓት ውድቅ ሆኗል። የብራይተን ደግሞ በ2021 በ568 ሜትር ረዝሞ ሰውን ከልኩ በላይ አስሮጧል። ስለዚህ ስትጠይቁ አትፈሩ። ደህና አዘጋጅ «በዚህ ቀን ተለክቷል፣ የለካው ዕውቅና ያለው ባለሙያ ነው፣ ወረቀቱ ይኸው» ይላል። ገና ካልተለካም «አልተለካም፣ በዚህ ቀን ይለካል» የሚል ሰው ይታመናል። «ሰዓታችሁ ላይ ታዩታላችሁ» የሚላችሁን ግን ተጠራጠሩት።

የእጅ ሰዓታችሁ 42.5 ስላሳየ ብቻ አዘጋጁን አትክሰሱ። ጂፒኤስ በገደልና በሕንፃ መሃል ይስታል። እኛም ኩርባውን አጥብቀን አንሮጥም፤ በሰው መሃል ግራና ቀኝ ስንል ርቀት እንጨምራለን።

ደሴ ተነስቶ ኮምቦልቻ የሚያልቅ መስመር ከታሰበ ሌላም ነገር አለ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። በደንቡ መሠረት ሰዓቱ ለሪከርድ እንዲያዝ መድረሻው ከመነሻው በኪሎ ሜትር ከአንድ ሜትር በላይ ዝቅ ማለት የለበትም። ለሙሉ ማራቶን 42 ሜትር መሆኑ ነው። በሁለቱ መሃል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ብቻውን ይህን ስንት ጊዜ ያጥፈዋል። «ሪከርድ የሚሰበርበት መስመር» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ሳቁና እለፉ።

እስከ ስንት ሰዓት ይዘጋል?

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ቀጥ ብላ የተዘረጋች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚሄደው ዋና አስፋልት መሃሏን ሰንጥቆ ያልፋል። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ወደ ባቲና ሚሌ የሚወስደው መንገድ የጅቡቲ ጭነት መንገድ ነው። ተሳቢው፣ ሲኖትራኩ ሌሊት ሙሉ ሲጓዝ አድሮ ነው የሚደርሰው። ይህን መንገድ ለስድስት ሰዓት መዝጋት በአንድ ደብዳቤ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም።

«መንገድ ይዘጋል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «አዎ» ነው መልሱ፣ ሁሌም። ይልቅ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ጠይቁ። ሙሉ በሙሉ ነው ወይስ በአንድ በኩል? መኪናው በየት በኩል ይዞራል? የመጨረሻው ሯጭ ሳይገባ ቢከፈትስ? አምስት ሰዓት የምትሮጡ ከሆነና መንገዱ በአራተኛው ሰዓት ከተከፈተ፣ የመጨረሻዎቹን ኪሎ ሜትሮች ከባጃጅ ጋር እየተጋፋችሁ ነው የምትጨርሱት። ጆሮ የሚበጥስ ጥሩምባ፣ ጭስ፣ በዚያ ላይ የደከመ እግር።

የአዘጋጁን ቃል የሚያጣራላችሁ ባጃጅ ነጂ ነው። ሩጫው ሳምንት ሲቀረው አራዳ ወይም ፒያሳ ላይ ባጃጅ ያዙና «እሑድ መንገድ ይዘጋል አሉ እንዴ?» በሉት። «አዎ እህቴ፣ ትራፊኮች ነግረውናል፣ በዚህ በኩል ነው የምንዞረው» ካላችሁ ሥራ ተሠርቷል። «ኧረ አልሰማንም» ካለ ግን በዚያ መንገድ ላይ እሑድ የሚያገኛችሁ እሱ ራሱ ነው።

በእኔ አስተያየት አዲስ ከተማ አንድ ረጅም መስመር ከምትዘጋ አጭር ዙር አራት ጊዜ ብታስሮጥ ይሻላል። መሰልቸቱ ይሰለቻል። ያንኑ ግንብ አራት ጊዜ ማየት ነው። ግን ጥቂት ፖሊስ ይበቃዋል፣ ያው የውሃ ጠረጴዛ አራት ጊዜ ያገለግላል፣ የወደቀ ሰውም ቶሎ ይታያል። ዙር ያለው ሩጫ ሲታወጅ «ድሃ ዝግጅት» ብላችሁ አትናቁት።

ስንት ሃይላንድ ተገዛ?

«ውሃ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅም እንደዚያው ነው። ቁጥር ጠይቁ። በየአምስት ኪሎ ሜትሩ ውሃ ቢቀመጥ ከ5 እስከ 40 ስምንት ቦታ ይሆናል። 500 ሯጭ በየቦታው አንድ አንድ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ቢያነሳ 4,000 ሃይላንድ ነው። ያውም ማንም ሁለት ካላነሳ፣ መንገድ ዳር ያለ ልጅም ካልወሰደ። ልጅ ደግሞ ይወስዳል፤ እኔም ልጅ ብሆን እወስድ ነበር። ሞቅ ያለ ቀን ከሆነ ሰው ራሱ ላይ ማፍሰሻም ይፈልጋል። አዘጋጁ ይህን ስሌት ሠርቶ ከሆነ ወዲያው ቁጥሩን ይነግራችኋል።

አንድ ሩጫ ላይ 30ኛው ኪሎ ሜትር ስደርስ ጠረጴዛው ባዶ ነበር። ከሥሩ ክዳንና የተጨማደደ ላስቲክ ብቻ ተበትኗል። ጠረጴዛው ጋ የቆመው ወጣት አፍሮ መሬት መሬት ያያል። ከሱቃቸው ደጃፍ የተቀመጡ አንዲት እናት «ነይ ልጄ፣ ነይ ጠጪ» ብለው በጆግ ቀድተው ሰጡኝ። እግዜር ይስጣቸው። የወሎ ሰው መንገደኛ አይጠማበትም። ግን ማራቶን በእናቶች ጆግ አይዘጋጅም። በ1904 የሴንት ሉዊስ ኦሎምፒክ ማራቶን በሙቀትና በአቧራ ተሮጦ፣ ውሃ ከጥቂት ቦታ በቀር ሳይኖር፣ 32 ሰው ተነስቶ የጨረሱት 14 ብቻ ነበሩ። እነዚያ ደግሞ ኦሎምፒያኖች ናቸው።

ስለዚህ አዘጋጁ ምንም ይበላችሁ፣ ምንም እንደማይኖር አድርጋችሁ ተዘጋጁ። ወገብ ላይ በሚታሰር ቦርሳ ትንሽ ውሃና ጥቂት ቴምር ያዙ። 25ኛውና 35ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጓደኛ ወይም ዘመድ አስቁሙ። ሲነጋ ሳይሆን ዋዜማውን ወስዳችሁ ቦታውን አሳዩት፤ ጠዋት መንገዱ ተዘግቶ ማዶ ለማዶ ትተያያላችሁ። ከመነሳታችሁ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ቀደም ብሎ የለመዳችሁትን ብሉ። የእኔ በሶ ነው፣ በማርና በትንሽ ጨው። የዚያን ቀን አዲስ ምግብ አትሞክሩ።

እዚህ ላይ የፋርማሲ ሰውነቴ ይናገር። ኦ አር ኤስ የምትይዙ ከሆነ አንዱ ፓኬት ለአንድ ሊትር ውሃ ነው። በግማሽ ሊትር በጥብጣችሁ አታወፍሩት፤ ሆድ ያበላሻል። ሩጫ ሲደርስ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን «ለጉልበቴ» ብሎ የሚገዛ ሰው ይበዛል። ሰውነት ውሃ ባጣበት ሰዓት እነዚህ ኩላሊት ይጎዳሉ፤ ከሩጫ በፊትም ሆነ በሩጫ ላይ አትውሰዱ። ያለ መድኃኒት የማይሮጥ ጉልበት ካላችሁ ያን ቀን አትሩጡ። ደግሞም ውሃ ጠፍቶ ስታገኙ በፍርሃት አንድ ሊትር አትገልብጡ። የደም ውስጥ ጨው ቀጥኖ ሰው ራሱን የሚስተው በዚህም ነው። ሲጠማችሁ ጠጡ፣ በቃ።

ስለ ሕክምና አጭር ልበል። «አምቡላንስ አለ» አይበቃም፤ የት ይቆማል? የትኛው ሆስፒታል ተነግሮታል? የደረት ቁጥራችሁ ጀርባ ላይ የቤተሰብ ስልክና ያለባችሁን ሕመም በእስክሪብቶ ጻፉ። እኛ ሴቶች ደግሞ መነሻው ላይ ሽንት ቤት እንዳለ እንጠይቅ። አያሳፍርም።

ሰዓቱና ቀኑ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት የሚነሳ ሩጫ ጥሩ ነው። 2 ሰዓት የሚነሳ ከሆነ አምስት ሰዓት የሚፈጅበት ሯጭ 7 ሰዓት ላይ ነው የሚገባው። ኮምቦልቻ በ7 ሰዓት ፀሐይ አስፋልት ላይ ምን እንደምትመስል የኖረባት ያውቃል። ደሴ ላይ ሌላ ነው፤ ብርድና ጉም ይኖራል፣ ስትነሱ የምትጥሉት አሮጌ ሹራብ ያዙ። ቀኑ ረመዳን ውስጥ እንዳይውል ቀን መቁጠሪያ እዩ። ግማሹ ከተማ በሚጾምበት ወር ማራቶን የሚቀጥር አዘጋጅ ከተማውን አላማከረም። ሐምሌና ነሐሴስ ጭራሽ አይወራ።

ታዲያ ልሩጥ ወይስ ይቅር?

የእኔ ልማድ እንዲህ ነው። ከመንገድ፣ ከውሃ፣ ከሕክምናና ከመነሻ ሰዓት ሁለቱ ላይ ግልጽ መልስ ካጣሁ 42ቱን አልሮጥም። ግማሹ ወይም 10 ኪሎ ሜትሩ ካለ ወደዚያ እዞራለሁ። ታላቁ የኢትዮጵያ ሩጫ በ2001 ሲጀመር 10 ኪሎ ሜትር ነበር፣ ዛሬም 10 ነው። የእኛም ከተማ በ10 ብትጀምር ማን ይንቃታል? ምዝገባው ካልሞላ ክፍያውን እስከ መጨረሻው ሳምንት አቆዩ። ደረሰኝ ያዙ። ሩጫው ቢሰረዝ ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነም በጽሑፍ ጠይቁ።

ከወሰናችሁ ቁልቁለት ተለማመዱ። ዳገቱን ሁላችንም እንፈራዋለን፤ የጭን ጡንቻን የሚሰባብረው ግን መውረዱ ነው። ሐረጎን በዝግታ፣ በአጭር እርምጃ ውረዱ፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ጨምሩበት። ሩጫው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ከባዱን ቁልቁለት አቁሙ።

ዋዜማውን የመጨረሻዎቹን አሥር ኪሎ ሜትሮች በባጃጅ እዩአቸው። መታጠፊያዎቹን በቃላችሁ ያዙ፤ ምልክት የሚያሳየው ልጅ ቁርስ ሊበላ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ለመመለሻ የሚሆን ብር በፌስታል ጠቅልላችሁ ካልሲያችሁ ውስጥ ክተቱ። በሩጫው መሃል አደገኛ ነገር ካያችሁ፣ መኪና ከገባ፣ ውሃ ከጠፋና ራስ ከዞረ፣ ውጡ። ሜዳሊያው ይቅር።

ካለቀ በኋላ ውጤቱ ሲለጠፍ ፎቶ አንሱት። በሳምንቱ ውስጥ ለአዘጋጁ አንድ ገጽ ጻፉ። የትኛው ኪሎ ሜትር ላይ ውሃ እንዳለቀ፣ ስንት ሰዓት ላይ መኪና እንደገባ፣ ደህና የነበረውንም ጨምሩ። ኮፒውን ለከተማው ስፖርት ጽሕፈት ቤት አስገቡ፣ አንዱን እናንተ ጋ አስቀሩ። በሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ ሲከፈት ያንን ገጽ ይዛችሁ ደውሉና ምኑ እንደተስተካከለ አንድ በአንድ ጠይቋቸው።