ከጅማ ወደ ሐረር በየብስ ለሚጓዝ ሰው፦ የመጓጓዣ አመራረጥ

ከጅማ ተነሥቶ ወደ ሐረር በየብስ ለመሄድ ያሰበ ሰው፣ ትኬት ከመቁረጡ በፊት መንገዱ አዲስ አበባ ላይ በሚጋጠሙ ሁለት ጉዞዎች የተሠራ መሆኑን ሊያስብበት ይገባል። የመጀመሪያው 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሁለተኛው ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። እያንዳንዳቸው አንድ ሙሉ ቀን ስለሚወስዱ አዲስ አበባ ማደር አይቀርም። አብዛኛው ተጓዥ ጅማ መናኸሪያ ያገኘውን መኪና ይይዝና ስለ ሁለተኛው ጉዞ የሚጨነቀው አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ነው። እኔ የምመክረው በተቃራኒው ነው፦ በመጀመሪያ ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ በምን እንደሚሄዱ ይወስኑ፤ የማደሪያው ሰፈርም ሆነ ከጅማ የሚነሡበት ቀን ከዚያ ውሳኔ ይመነጫል።

ወደ ምሥራቅ የሚወስዱት ምርጫዎች በዋናነት ሁለት ናቸው፤ አስፋልቱ ወይም ባቡሩ።

አስፋልቱን የመረጠ ሰው እስከ አዳማ በፈጣኑ የክፍያ መንገድ ይጓዝና ወደ አዋሽ ሰባት ኪሎ ቆላ ይወርዳል። ከሚኤሶ በኋላ መንገዱ ወደ ጨርጨር ተራሮች ይወጣል፤ አሰበ ተፈሪን፣ ሂርናንና ቁልቢን አልፎም ሐረር ይገባል። ከአሰበ ተፈሪ ወዲያ ያለው ክፍል በእርከን የተሠሩ የማሽላና የጫት ማሳዎች በገደሉ ላይ የሚታዩበት በመሆኑ፣ ከመላው ጉዞ በመስኮት በኩል ለማየት የሚያጓጓው ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ። ይሁን እንጂ ጠመዝማዛው ብዙ ስለሆነ መኪና የሚያጥወለውለው ሰው የፊት መቀመጫ መጠየቅ፣ ቁርሱንም ማቅለል ይኖርበታል። የአውቶቡሱ ትልቁ ጥቅም ያለ ቅያሪ ሐረር ድረስ ማድረሱ ነው። ሕፃናት የያዘ ወይም ብዙ ዕቃ ያለው ቤተሰብ ይህን አቅልሎ ማየት የለበትም።

ባቡሩ ግን ሐረር አይደርስም። ይህ የዛሬ ነገር አይደለም፤ የድሮው የፈረንሳይ ባቡርም ሐዲዱን ወደ ሐረር ተራራ ከማውጣት ይልቅ ቆላውን ይዞ በማለፉ ነው በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የተቆረቆረችው። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ መንገደኞችን የሚያመላልሰው የኤሌክትሪክ ባቡርም ያንኑ አቅጣጫ ተከትሎ ወደ ጅቡቲ ያመራል። ስለዚህ በባቡር የሄደ ሰው ድሬዳዋ ወርዶ፣ አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ውጭ ስለሆነ መጀመሪያ ወደ ከተማው መግባት፣ ከዚያም በሚኒባስ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ይጠበቅበታል። ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር፣ ሐረር ደግሞ ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሚገኙ በዚህች አጭር መንገድ አየሩ ፈጽሞ ይለወጣል፤ ሹራብ ከሻንጣው ሥር ባይቀበር መልካም ነው።

ታዲያ ባቡሩን ለምን ይመርጡታል? ፈጣን ነው በሚል ብቻ የሚመርጡት ቅያሪውን ሲደምሩ ብዙም እንዳላተረፉ ይረዳሉ። ባቡሩ የሚመረጠው ለሰውነት ነው። ተነሥቶ መንቀሳቀስ፣ እግር መዘርጋትና ከወንበር ወደ መጸዳጃ መሄድ ይቻላል። ጉልበቱን ለሚያመው አዛውንት፣ ለነፍሰ ጡርና ጠመዝማዛ መንገድ ለማይስማማው ሰው ከአውቶቡስ በእጅጉ ይሻላል። ደካማ ጎኑ ደግሞ እንደ አውቶቡስ በየማለዳው የሚገኝ አለመሆኑና የጊዜ ሰሌዳው የሚለዋወጥ መሆኑ ነው። ስለዚህ የሚነሣበትን ቀን ከጅማ ሳይወጡ በስልክ ወይም አዲስ አበባ ባለ ዘመድ በኩል አጣርተው፣ ከዚያ ቀን አንድ ቀን ቀድመው አዲስ አበባ እንዲገቡ ጉዞዎን ያስተካክሉ። ትኬት ለመቁረጥም ሆነ ለመሳፈር መታወቂያ አይለይዎ።

ከጅማ ለሚመጣ ሰው አንድ ጥሩ አጋጣሚ አለ። የጅማ መንገድ ወደ አዲስ አበባ የሚገባው በሰበታና በዓለም ገና በኩል ሲሆን፣ የመንገደኞች ባቡር የሚነሣበት የፉሪ ለቡ ጣቢያም በዚያው በደቡብ ምዕራብ ጫፍ ይገኛል። ስለዚህ በባቡር ሊሄዱ ከወሰኑ እስከ መርካቶ ዘልቀው ማደር ትርፉ ድካምና የታክሲ ወጪ ነው፤ አየር ጤና ወይም ለቡ አካባቢ ማደሪያ መፈለግ ይበቃል። በአውቶቡስ ለመሄድ ከወሰኑ ግን የማደሪያዎን ሰፈር የሚወስነው የአውቶቡሱ መነሻ ነው፤ የግል ድርጅቶች መነሻቸው የተለያየ ስለሆነና አንዳንዴም ስለሚቀያየር፣ ትኬቱን ሲገዙ መነሻውን በትክክል ጠይቀው ያስጽፉ። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ያላወቁትን ሰፈር መፈለግ ለማንም አይመከርም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ቀን እንመለስ። ከጅማ እስከ አዲስ አበባ የሚያጓጉዙት የግል ድርጅቶች ትልልቅ አውቶቡሶች፣ ከመናኸሪያ በየደረጃቸው የሚወጡ አውቶቡሶችና ሚኒባሶች ናቸው። የግል ድርጅቶቹ ዋጋቸው ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ወንበሩ የተቆጠረ ስለሆነ ትርፍ ሰው አይጭኑም፣ በየመንገዱም ተሳፋሪ እየለቀሙ አይዘገዩም። የመናኸሪያዎቹ ርካሽ ናቸው፤ ዕቃ በፖርቶመጋላ ላይ መጫን ለሚፈልግ ሰውም ይመቻሉ። ሚኒባስ ፈጥኖ ሞልቶ ስለሚወጣ ያጓጓል፤ እኔ ግን ለዚህ መንገድ አልመርጠውም። ሶኮሩን አልፈው ወደ ግቤ ሸለቆ የሚወርዱበትና እንደገና ወደ ወልቂጤ የሚወጡበት ቁልቁለትና ዳገት በክረምት ጭጋግ ይለብሳል፣ አስፋልቱም ይንሸራተታል፤ እንዲህ ባለ ስፍራ ሁለት ዙር ለመሥራት ከሚጣደፍ ሾፌር ጋር መሆን አያስደስትም። በሚኒባስ ለመሄድ ከተገደዱ ማለዳ የሚወጣውን ይያዙ፤ ከሰዓት በኋላ የሚነሣ መኪና ሲመሽ ሸለቆው ውስጥ ወይም የአዲስ አበባ መግቢያ ላይ ባለው የመኪና ሰልፍ ውስጥ ያገኝዎታል።

ቀን ሲመርጡ በዓላቱን ይመልከቱ። የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ስለሚከበር፣ በእነዚያ ቀናት ዋዜማና ማግሥት ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ በምእመናን መኪናዎች ይጨናነቃል፤ ትኬትም፣ ማደሪያም ይጠፋል። ለንግሡ የሚሄድ ሰው ይህን አውቆ ይሄዳል፤ በግንብ የታጠረውን የሐረር ጥንታዊ ከተማ ጀጎልን ለማየት የሚሄድ ግን በሳምንት ቢያዘገየው ወይም ቢያስቀድመው ይሻላል። ኢድ ሲቃረብም እንዲሁ ቀደም ብሎ ትኬት መያዝ ግድ ነው። የመንገዱን ሰላም በተመለከተ ደግሞ በዋዜማው የሾፌሮችን ወሬ መስማት ከየትኛውም ምክር ይበልጣል፤ መንገድ አስጊ ነው ከተባለ ቀኑን ማስተላለፍ እንጂ የተሻለ መኪና መፈለግ መፍትሔ አይሆንም።

ስለ ዕቃ ጥቂት ልበል። ከጅማ የሚሄድ ሰው ማር፣ ቡና ወይም በርጩማ ለስጦታ ሳይዝ አይወጣም። ማሩን ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ አድርገው በእጅዎ ይያዙት፤ ቆላው ላይ ሙቀቱ ያቀጥነዋል። ጥሬ ቡና ግን በብዛት ከሆነ ኬላ ላይ ጥያቄ ስለሚያስነሣ፣ ለአንድ ቤት ጀበና የሚበቃውን ያህል ብቻ መያዝ ይሻላል። ከመኪናው አናት ላይ የሚጫነውን ዕቃ ራስዎ ቆመው ያስጭኑ፤ ለረዳቱ የሚከፍሉትንም ሂሳብ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ይነጋገሩ።

ሐረር የሚደርሱት አመሻሽ ላይ ሊሆን ስለሚችል የመጀመሪያውን ሌሊት ከግንቡ ውጭ፣ መኪና በሚገባበት አካባቢ ማደር ያቃልላል። የጀጎል ውስጥ መተላለፊያዎች አብዛኞቹ ለእግረኛ ብቻ የሚበቁ በመሆናቸው በጨለማ ሻንጣ እየጎተቱ የማያውቁትን ቤት መፈለግ አድካሚ ነው። በግንቡ ውስጥ ባለ ነባር የሐረሪ ቤት ማረፍ ከፈለጉ ግን ባለቤቶቹ አንዱ በር ድረስ መጥተው እንዲቀበሉዎት አስቀድመው ይደውሉ፤ ግንቡ አምስት ጥንታዊ በሮች ስላሉት በየትኛው እንደሚገናኙ በስሙ ጠርተው ይቀጣጠሩ።