ማገጥ አልበቅል ሲላችሁ

ማገጥን፣ ባለ ሦስት ቅጠሉን የከብት መኖ፣ ስትዘሩ መሬቱን ቆፍራችሁ፣ ውኃ አጠጥታችሁ፣ ወፍም ከልክላችሁ እንደሆነ አልጠይቅም። እሱ አልቆ ነው ይሄን የምታነቡት።

ዘሩን ከዘራችሁ ሦስት ሳምንት ሆነው፣ ምንም የለም

እዚህ ጣና ዳር የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ይሄን ይዞ ነው የሚመጣው። ዘሩ አልሞተም። ቆዳው ውኃ አላስገባ ብሎ ነው። ማገጥ የዱር ነው፣ እንደ ሽምብራ ዛሬ ተነክሮ ነገ አያጎነቁልም። አንድ ዝናብ አታልሎት በቅሎ በድርቅ እንዳይቀር ራሱን ቆልፎ ይቀመጣል። በባሕር አሸዋ ላይ የሚሳበው የዱር አተር፣ የጓያችን ዘመድ፣ ፍሬው ጨው ውኃ ላይ ለዓመታት ተንሳፎ ሌላ ዳርቻ የሚበቅለው በዚሁ ጠንካራ ቆዳ ነው። (ከተማችን ባሕር ዳር ተባለች ብላችሁ እሱን እዚህ እንዳትፈልጉ።)

ዘሩን በሁለት የአናጢ ብርጭቆ ወረቀት መሃል አድርጋችሁ እሹት። ማብረቅረቁ ሲደበዝዝ አቁሙ፣ ዱቄት አድርጉት አላልኩም! ከዚያ በውኃ አሳድሩት። ጠዋት ያበጠውን ዝሩ፣ ያላበጠውን አድርቃችሁ ድገሙት። ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ አትቅበሩት፤ ከጤፍ እምብዛም የማይበልጥ ነገር ከጥልቅ አይወጣም።

አትቀቅሉት። አንድ ጎረቤቴ ሙቅ ውኃ ይከፍተዋል ሲባል ሰምቶ ድስት ጥዶ አንተከተከው። ንፍሮ ሆነለት።

ሌላው ደግሞ ሐይቁ ዳር ያለ ሆቴል ነው። ሳያሹ ዘሩት፣ ክረምቱን ሙሉ ጠበቁ፣ ተናደው ኮብልስቶን አነጠፉበት። በዓመቱ ሰኔ ላይ በድንጋዩ መሃል መሃል አረንጓዴ ብሎ ወጣ። ደውለው አረም መንቀያ አለህ ወይ አሉኝ።

ግማሹ ገለባና ጠጠር የሆነ ዘር የሚሸጡም አሉ። ሳትከፍሉ በፊት እፍኝ ይዛችሁ እፍ በሉበት።

በቅሎ ቢጫ ሆነ

አንዱን ከነሥሩ ንቀሉና ሥሩ ላይ ያሉትን ትንንሽ እባጮች በጥፍር ክፈቱ። ውስጡ ቀላ ካለ ደህና ነው፣ ናይትሮጅን ከአየር እየያዘ ነው። ነጭ ከሆነ ወይም እባጩ ጭራሽ ከሌለ ትክክለኛው ባክቴሪያ መሬቱ ውስጥ የለም። የሽምብራ ማሳ አፈር አይጠቅመውም፤ ማገጥ አምሮበት ከሚበቅልበት ቦታ አፈር አምጥታችሁ በትኑ። ዩሪያ ማዳበሪያ አትጨምሩ። ስትቀልቡት ሥራ ያቆማል።

ውኃ ተኝቶበታል

ዋልካ (ውኃ የሚይዝ ጥቁር አፈር) ላይ ይችለዋል። ሌላ ምክንያት ፈልጉ።

ላሟ በላችውና ሆዷ ተነፋ

ይሄ የዘሩ ጥፋት አይደለም፣ የእናንተ ነው። በባዶ ሆድ፣ በጠዋት፣ ጤዛ ያለበት ለምለም ማገጥ ላይ ለቀቃችኋት። ግራ ጎኗ እንደ ከበሮ ከተወጠረ ነገ እናያለን አትበሉ፤ በሰዓታት ውስጥ ትሞታለች፣ የእንስሳት ሐኪም አሁኑኑ ጥሩ። ከዚህ በኋላ መጀመሪያ ጭድ አብሏት፣ ጤዛው ሲረግፍ ልቀቋት።