ፒያሳ ሰማይ ላይ ሞተር ቀጥ ቢልስ?

ከፒያሳ ቸርችልን የሚወርድ አሮጌ ላዳ አስብ። ሹፌሩ ለነዳጅ ብሎ ሞተር ቢያጠፋም መኪናው በቁልቁለቱ መንከባለሉን አይተውም። እንደ ሴስና 172 ያለች ትንሽ አውሮፕላንም ሞተሯ ቢጠፋ እንደ ድንጋይ ዱብ አትልም፤ እየተንሳፈፈች ትወርዳለች።

መጀመሪያ አፍንጫዋን ዝቅ አድርግ። እጅህ መሪውን ወደ ራስህ ሳብ ሳብ ይልሃል፣ እንዳትሰማው፤ ፍጥነት ካለቀ ክንፉ አይሸከምህም። እንደ ሞዴሉ ከ65 እስከ 68 ኖት (በሰዓት ከ120 እስከ 126 ኪሎ ሜትር ገደማ) ያዝ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው።

ከዛ ማረፊያ ፈልግ። አዲስ አበባ የምትሸውደው እዚህ ጋ ነው። የከፍታ መለኪያው 9,500 ጫማ ሲል ብዙ ይመስላል፣ ግን የሚቆጥረው ከባሕር ወለል ነው፤ የቦሌ መንደርደሪያ ራሱ 7,600 ጫማ ላይ ነው። ስለዚህ ከቦሌ በላይ ያለህ 1,900 ጫማ ብቻ ነው፣ 580 ሜትር ማለት ነው። ነፋስ ከሌለ በአንድ ሜትር ከፍታ ወደ 9 ሜትር ትሄዳለህ፣ ሲደመር 5 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከፒያሳ ቦሌ ኤርፖርት ደግሞ በቀጥታ መስመር 8 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። አትደርስም! ቅርብ ያለ ክፍት ቦታ ፈልግ። ጃን ሜዳ እንዳልልህ ኳስ የሚጫወት አይጠፋም።

ያለህ ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው፣ ቦታህን ከያዝክ ሞተሩን ሞክር። ነዳጁ ከሁለቱም ታንክ እየመጣ ነው? የማግኔቶው (ለሞተሩ እሳት የሚሰጠው) ቁልፍ «ሁለቱም» የሚለው ላይ ነው? ሞዴልህ ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ካለው ማሞቂያውን ሳብ፤ የክረምት እርጥብ አየር ካርቡሬተር ውስጥ በረዶ ይሠራል። በረዶው ሲቀልጥ ሞተሩ ውሃ እየዋጠ ለጥቂት ሰከንድ ይብስበታል፣ ደንግጠህ ማሞቂያውን እንዳትመልሰው። ሚክስቸሩን (የነዳጅና የአየር ድርሻ የምታስተካክልበትን) ደግሞ ዝም ብለህ እስከ ጥግ አትግፋ፣ በዚህ ስስ አየር ነዳጅ ሲበዛ ሞተሩ ይታፈናል።

ራዲዮ፦ ካለህበት ታወር ጋር «ሜይዴይ» ሦስት ጊዜ፣ ካልመለሱ በአደጋ ጊዜ ሞገድ 121.5፤ ትራንስፖንደሩ (ለራዳር መለያህን የሚልከው) ላይ የአደጋ ኮዱን 7700።

አልነሳም ካለ ነዳጁን ዝጋ፣ ፍላፕ (ክንፉ ጀርባ ያለውን ታጣፊ) ካወረድክ በኋላ ኤሌክትሪኩን አጥፋ፣ በሩን ገርበብ አድርግ፤ አካሉ ሲጣመም በር ይነክሳል። ከቻልክ አውሮፕላኗን ፊቷን ወደ ነፋሱ አዙር። የፍጥነት መለኪያው 65 ቢልም እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ነፋስ ከሌለ መሬቱ 15 በመቶ ያህል ፈጥኖ ሲያልፍ ታየዋለህ። ፍጥነት በዝቶብኛል ብለህ አፍንጫዋን እንዳታነሳ።