አስታማሚዋን ማሳረፍ ከፈለጋችሁ ሰዓት ቆርጣችሁ ግቡ

የመርሳት በሽታ ያለባቸውን እናቷን የምታስታምም ዘመድ ካለቻችሁ፣ «የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ ደውዪ» አትበሏት፤ አትደውልም። ይልቅ «ማክሰኞና ቅዳሜ ከቀኑ 8 እስከ 11 ሰዓት እኔ አጠገባቸው እቀመጣለሁ፣ አንቺ ተኚ» በሏት። ከ11 ሰዓት በኋላ ለጀማሪ ይከብዳል፤ ብዙ ሕሙማን ሲመሽ ይረበሻሉ፣ ቤታቸው ተቀምጠው «ቤቴ ውሰዱኝ» ይላሉ። (ሳይጨልም መብራት ማብራት ትንሽ ያግዛል።)

የመጀመሪያውን ቀን ሦስታችሁም አብራችሁ ዋሉ፤ ከአዲስ ፊት ጋር ድንገት ብቻቸውን ሲቀሩ ይደነግጣሉ፣ ልጅቷም ከደጅ ትመለሳለች። በአንድ ወረቀት እንድትጽፍላችሁ ጠይቋት፦ መድኃኒቱ በስንት ሰዓት፣ ሽንት ቤት በየስንት ሰዓቱ (በየ2 ሰዓቱ መውሰድ ብዙ ልብስ ያተርፋል)፣ ሲበሉ ትን ይላቸው እንደሆነ፣ ሲናደዱ ምን እንደሚያበርዳቸው፤ መዝሙር፣ መቁጠሪያ፣ ጥጥ መፍተል።

«አወቁኝ?» እያላችሁ አትፈትኗቸው፤ ስማችሁን ራሳችሁ ንገሯቸው። የሞቱ ባላቸውን ሲጠሩ «ሞተዋል» ማለት በየቀኑ መርዶ መንገር ነው፤ ስለ እሳቸው አጫውቷቸው።

በ1 ወይም 2 ቀን ውስጥ ድንገት ከባሰባቸው ግን «በሽታው ነው» ብላችሁ አትለፉት። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት ወይም አዲስ መድኃኒት ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ሐኪም ይያቸው።