ጊዜያዊ የጥርስ ክራውን፦ ከምን ይሰራ? እንዴትስ ይሰራ?

ጥርስ ለክራውን (ጥርሱን እንደ ቆብ ለሚሸፍነው ሰው ሰራሽ ጥርስ) ከተሞረደ በኋላ ዋናው ክራውን እስኪደርስ ባዶውን መቆየት የለበትም። ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይጠዘጥዛል። ጎረቤት ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ያዘማሉ፣ ድዱም ጠርዙ ላይ ይወጣል። ያኔ ዋናው ክራውን ሲመጣ አልገባ ይላል። ይህን ሁሉ የሚከላከለው ጊዜያዊው ስለሆነ፣ «ለጊዜው ነው» ተብሎ በግዴለሽነት ሲሰራ በጣም ያሳዝነኛል።

መጀመሪያ ጊዜውን አስሉ። ሁለት ሳምንት ነው ወይስ ስድስት ወር? አንድ ጥርስ ነው ወይስ የአራት ጥርስ ብሪጅ (የጎደለ ጥርስ የሚተካ፣ የተያያዘ ክራውን)? ማታ ጥርስ የማፋጨት ልማድ አለ? ይህ ሳይታወቅ ማቴሪያል መምረጥ አይቻልም።

ቀጥሎ ማቴሪያሉን አነጻጽሩ። አክሪሊክ ዱቄትና ፈሳሽ ተበጥብጦ የሚሰራ ነው። ርካሽ ነው፤ ጠርዙ ቢያጥር ወይም ቢሰነጠቅ አዲስ ተጨምሮበት ይጠገናል። ግን ሲጠነክር ይሞቃል፣ ይኮማተራል፣ ሽታውም ከባድ ነው። ቢስአክሪል የሚባለው ሌላ ማቴሪያል ሁለት ክፍል ካለው ማሸጊያ (ካርትሪጅ) ተደባልቆ ይወጣል። ሙቀቱም መኮማተሩም ያንሳል፣ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ነገር ግን ተሰባሪ ስለሆነ ረጅም ብሪጅ ላይ አልመርጠውም። ተዘጋጅተው የሚመጡ የፖሊካርቦኔት (ጠንካራ ፕላስቲክ) ክራውኖችም አሉ፤ ለአንድ የፊት ጥርስ ይበቃሉ።

ከዚያ አሰራሩ ይመጣል። አፍ ውስጥ ለመስራት ጥርሱ ከመሞረዱ በፊት በፑቲ (እንደ ሊጥ ለስላሳ ሆኖ በሚጠነክር የልክ መውሰጃ) ልኩ ይወሰዳል። ከተሞረደ በኋላ ልኩ ውስጥ ማቴሪያሉ ይሞላና ወደ ቦታው ይመለሳል። አክሪሊክ ከሆነ ትልቁ ጥንቃቄ እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ እንደ ማር ይሳባል፣ ቀጥሎ እንደ ሊጥ ይሆናል፣ ከዚያ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ላስቲክ ሲሆን ውሃ እየረጩ ደጋግሞ ማውጣትና መመለስ ያስፈልጋል። ዝም ብለው ከተዉት ጥርሶቹ መሀል ተቆልፎ ይቀራል፣ ሙቀቱም የጥርሱን ነርቭ ይጎዳል። የጥርሱ ቅጂ በሆነ ፕላስተር ሞዴል ላይ ከተሰራ ግን ሙቀቱ ጥርሱ ጋ አይደርስም፤ ጊዜ ብቻ ይወስዳል።

ዲጂታሉ መንገድ ሁለት ነው። በሚሊንግ ማሽን የሚቀረጸው ክራውን ፋብሪካ ውስጥ ጠንክሮ ከመጣ የአክሪሊክ ብሎክ ስለሚወጣ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ለወራት የሚቆይ ከሆነ ምርጫዬ እሱ ነው። በስሪዲ ፕሪንተር የሚሰራው ደግሞ ንብርብር በንብርብር ይታተማል፤ ብዙ ቁራጭ አይባክንም። ግን ታትሞ ወጣ ማለት አለቀ ማለት አይደለም። በአልኮል ታጥቦ እንደገና በብርሃን መጠንከር አለበት። ይህ ከተዘለለ ክራውኑ ደካማ ይሆናል።

በየትኛውም መንገድ ይሰራ፣ እኔ መጀመሪያ የማየው ጠርዙን ነው። ክራውኑና ጥርሱ የሚገናኙበት ላይ የሐኪሙ ሹል መመርመሪያ ጫፍ ከተሰነቀረ ምግብ ይገባል፣ ድዱ ይቆጣል፣ ይደማል። ጎበዝ ማቴሪያል ክፍት ጠርዝን አያድነውም። ጠርዙን በእርሳስ አስምሮ ትርፉን መሞረድ፣ የጎደለውን መሙላት፣ ከዚያ ማለስለስ ነው።

በመጨረሻ በጊዜያዊ ሲሚንቶ ይለጠፋል። የቅርንፉድ ሽታ ያለው ሲሚንቶ ዩጂኖል (ከቅርንፉድ ዘይት የሚገኝ ንጥረ ነገር) አለበት። ዋናው ክራውን በሬዚን ሲሚንቶ (ፕላስቲክ መሰል ማጣበቂያ) የሚለጠፍ ከሆነ ዩጂኖል የሌለውን ምረጡ፤ ዩጂኖል ሬዚኑ በደንብ እንዳይጠነክር ያደርጋል።

ቤት ውስጥ የጥርስ ክር ስትጠቀሙ ወደ ላይ አትሳቡት፣ በጎን አውጡት። ክራውኑ ከወለቀ ይዛችሁ ቶሎ ወደ ሐኪሙ ሂዱ። በሱፐር ግሉ አትለጥፉት።